አራተኛው ክፍል

በኔዘርላንድ አልሜር በተባለች ከተማ አጠገብ፣ ውኃው ተገፍቶ በተገኘ ምድር ላይ፣ ማሪኑስ ቡዜም የተባለ የጥበብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 178 የፖፕላር ዛፎችን አስተከለ። ዛፎቹ የቆሙት በፈረንሳይ የሚገኘውን የሬምስ ካቴድራል ንድፍ ተከትለው ነው፤ በካቴድራሉ ምሰሶ በቆመበት በዚህ ዛፍ ቆሟል። በእንግሊዝ አገር ዊፕስኔድ በተባለ ስፍራም ኤድመንድ ብላይዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ወዳጆቹ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተመሳሳይ ተክል ጀምሯል። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው። አስቀድሞ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ዛፉ ያንን ሕንፃ እንዲመስል ይሰለፋል። ሥራው ውብ ነው፤ የሟች ወዳጆችን ስም በሕይወት ባለ ነገር ማቆየትም የሚከበር አሳብ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አሠራር ዛፉ የሕንፃው ሥዕል እንጂ የሕንፃው አካል አይደለም።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ነገሩ ተገላብጦ ይገኛል። ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ግርጌ፣ ከፎገራ ሜዳ ዳርቻ እስከ ጋይንት፣ እርሻው በተንጣለለበት ምድር ላይ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ደን ይታያል፤ በእያንዳንዱም መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ተመራማሪዎች በዞኑ ከ1,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ደኖችን ቆጥረዋል፤ አማካይ ስፋታቸው 5 ሄክታር ያህል ሲሆን አንዱ ከሌላው የሚርቀውም 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእነዚህ ደኖች ውስጥ መስመር የለም። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ብሳናው አብዛኛውን ጊዜ ወፍና ነፋስ በጣሉት ቦታ በቅለዋል። መስመር የለም ማለት ግን ንድፍ የለም ማለት አይደለም። እኔ የምሟገትለት ነገር ይህ ነው፦ ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ ጌጥ ወይም አጥር ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ክፍሎች አንዱ፣ የውጭኛው ክፍል ነው፤ ክፍል ከሆነ ደግሞ ክብር ብቻ ሳይሆን አገልግሎትም ይገባዋል።

የደጋው ክብ ቤተ ክርስቲያን ከመሐል ወደ ውጭ የተሠራ ነው። በመሐል መቅደስ አለ፤ ታቦቱ በመንበሩ ላይ ያለው በዚያ ነው፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባበት የለም። መቅደሱን ቅድስት ትከባለች፤ ምእመናን ሥጋ ወደሙን የሚቀበሉት በእርሷ ነው። ቅድስትን ቅኔ ማኅሌት ይከባል፤ መዘምራን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙበት ነው። ከቅኔ ማኅሌቱ በር ሲወጣ ግን ሥርዓቱ አያበቃም። በዓል ሲሆን ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ የሚዞረው፣ ሕዝቡም እልል እያለ የሚከተለው በዐጸዱ ነው። እህል ውኃ የቀመሰ፣ በወሊድ ወይም በሌላ ምክንያት ወደ ውስጥ የማይገባ፣ ራሱን ያልበቃ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ቅዳሴውን የሚያስቀድሰው ከዛፍ ሥር ቆሞ ነው። ሙታን የሚያርፉት በዛፎቹ መካከል ነው። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው፣ ባሕታዊው ከሰው የሚሸሸገው በዚያው ነው፤ የድጓ ምስክር ትምህርት ቤት ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ትምህርት ቤት ዙር አምባ በሚገኙበት በዚህ አገር ትምህርቱ ራሱ ከዛፍ ጥላ ተለይቶ አያውቅም። በበቅሎ የሚያልፍ መንገደኛ ከቅጥሩ ሲደርስ ይወርዳል፤ ቸኩሎ ለሥራ የሚሄድም ቢሆን ደጁን ሳይሳለም አያልፍም። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚገባ ሰውና የሚሠራ ሥራ እንደተወሰነለት ሁሉ ለዚህኛውም ተወስኖለታል። ቅድስናው ከመሐል ወደ ዳር እየወረደ ይመጣል እንጂ ከግድግዳው ላይ አይቆረጥም።

«ሜሮን ያልተቀባ፣ በጳጳስ ያልተባረከ ነገር እንዴት የቤተ ክርስቲያን ክፍል ይባላል?» የሚል ሊቅ ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ታቦቱና ሕንፃው የሚከብሩበት ሥርዓት አለ፤ ለወይራና ለዝግባ የተሠራ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ከተማዋ የተሰየመችበት ተራራ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በምናከብረው በደብረ ታቦር በዓል የሚነበበው ወንጌል፣ ጌታ በተራራው ላይ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ጴጥሮስ ለእርሱ፣ ለሙሴና ለኤልያስ ሦስት ዳስ እንሥራ ማለቱን ይነግረናል። ዳሱ አልተሠራም። ቅጠልና ጭራሮ ሳይሰበሰብ ደመና መጣና ጋረዳቸው። ያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ያንን ስፍራ ቅዱስ ተራራ ብሎ ይጠራዋል። ያ ተራራ ግድግዳ አልነበረውም፣ ቅብዐትም አልፈሰሰበትም፤ ቅዱስ ያደረገው በላዩ የተገለጠው ጌታ ነው። እንግዲያስ በታቦቱ ዙሪያ ያለው ደን ቅዱስ የሚሆነው በራሱ በተደረገለት ሥርዓት ሳይሆን በመሐሉ ባለው ምክንያት ነው። ቅድስናው የተቀበለው እንጂ ከራሱ የመነጨ አይደለም። ይህ ልዩነት ኋላ ለምናነሣው ለዛፍ አምልኮ ጥያቄ ይጠቅመናል።

ከዚህ ሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ በመጽሐፈ ኩፋሌ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራ ይዛዋለች። በኩፋሌ ትምህርት ኤዶም ገነት ከምድር ሁሉ ይልቅ የተቀደሰች ናት፤ በውስጧ የተተከለው ዛፍ ሁሉም የተቀደሰ ነው። አዳም ወደ ገነት የገባው በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በ80 ቀኗ ነው፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡበት ልማድ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለ ገጠር እናት ልጇን ታቅፋ ለክርስትና ስትመጣ፣ ሕፃኑ እንደ አዳም ቀኑን ቆጥሮ ወደ ገነት እየገባ ነው፤ አስቀድሞ የሚቀበለውም የዛፉ ጥላ ነው። በርግጥ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ኩፋሌ ገነትን ቅድስተ ቅዱሳን ይላታል፤ በእኛ ቅጥር ግን ደኑ የመጨረሻው፣ ከቅድስተ ቅዱሳኑ የራቀው ክፍል ነው። እንዴት ያው ዛፍ እዚያ መሐል፣ እዚህ ዳር ይሆናል? በእኔ ማስተዋል በገነትም ሁሉ ዛፍ እኩል አልነበረም፤ የሕይወት ዛፍ በመካከል ቆሞ ነበር፤ ከዳር ያለውም ዛፍ ቢሆን ከገነት ውጭ አልተባለም። ገነቱ ሙሉው ቅጥር ነው፤ ታቦቱ በመካከሉ ነው።

ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። ዛፍን ቅዱስ ማለት ወደ አድባር ይመልሰናል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በዋርካ ሥር ቅቤ መቀባት፣ ደም ማፍሰስ በአገራችን ያልነበረ ነገር አይደለም፤ የቅዱሳን ገድልም ይህን ሲዋጋ ኖሯል። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ሕዝቡ የሚሰግድለት ዛፍ በጻድቁ ቃል ከሥሩ ተነቅሏል። ይህ ታሪክ ለስጋቱ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ በዚያው ትውፊት የተነቀለው እንጨት ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ውሏል። ጻድቁ የተዋጋው አምልኮውን ነው፤ እንጨቱን እርኩስ ብሎ አላቃጠለውም፣ ቦታውን ለወጠው እንጂ። በአድባር ሥርዓት ሰው ወደ ዛፉ ይጸልያል፤ በዐጸዱ ግን ዛፍ ሥር ቆሞ ፊቱን ወደ መቅደሱ አዙሮ ይጸልያል። የቆመበት አቅጣጫ ራሱ ትምህርት ነው። ካህናቱም ደኑን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሲሉት ይህንኑ ሥርዓት መጠበቃቸው ነው፤ ልብስ የሚከበረው በለባሹ ነውና።

ሌላው ተቃውሞ ከሃይማኖት ሰዎች ሳይሆን ከሳይንስ ሰዎች የመጣ ነው። ካህናቱ ብዝኃ ሕይወትን ለመጠበቅ አልተነሡም፤ የጠበቁት የታቦቱን ክብር ነው፤ ደኑ የተረፈው በዚያ ጥላ ሥር ነው ይላሉ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ ተነሥቶ መትረፉ አጋጣሚ ነው ማለት ግን አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1938 በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስሎች ጋር ያስተያየው ጥናት፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በስፋታቸው በአብዛኛው ጸንተው ሲቆዩ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ወደ እርሻና ግጦሽ መለወጡን አሳይቷል። መሬቱ ያው ነው፤ ዝናቡ ያው ነው፤ ማገዶ የሚቸግረውም ያው ገበሬ ነው። መጥረቢያው የቆመው ገደል ስላጋጠመው አይደለም፤ ከዚያ የባሰ ዳገት ሲታረስ ይታያልና። የቆመው አንድ መስመር ላይ ነው፤ ያንን መስመር ያሰመረው ደግሞ ከመቅደሱ እየሰፋ የወጣው የቅድስና ልክ ነው። ደኖቹ ሁሉ የጥንቱ ዱር ቅሬታ አይደሉም፣ በሰው እጅ የተተከሉም አሉባቸው የሚለው ክርክርም ቢሆን አሳቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሰው መርጦና ደክሞ የተከለው ዛፍ ከሆነ፣ ክፍሉ ታስቦበት የተሠራ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ደኑ ክፍል ከሆነ አገልግሎቱ ምንድን ነው? ለብዙ ዘመን መልሱ አትቁረጡ የሚል ነበር፤ ይህም ብዙ አድኗል። ዛሬ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ምርመራ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክሎች ተገኝተዋል፤ ለተራቆተ ደጋ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን አፈሩ ሲመረመር በውስጡ ተኝቶ ዘመኑን የሚጠብቅ የዋና ዋና ዛፎች ዘር አልተገኘም ማለት ይቻላል፤ አረምና ሣር ነው የበዛው። ይህ ማለት ዛሬ የቆመው ሽማግሌ ዛፍ ዘር ሳይተካ ከወደቀ ከአፈር የሚነሣለት ወራሽ የለውም ማለት ነው። ከወደቀው ዘር የበቀለውን ችግኝ ደግሞ የሚጨርሰው በአብዛኛው ከብት ነው። በደኑ ውስጥ ከብት እንዳይገባ በተከለለ ቦታና ባልተከለለ ቦታ የተደረገው ንጽጽር ይህን አረጋግጧል፤ በተከለለው ችግኝ ይበቅላል፣ ይቆያልም። አንድ ዛፍ ሳይቆረጥበት፣ መጥረቢያ ሳይሰማበት፣ ደን ሊያልቅ ይችላል። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ገብተው ሲያዩት ታላላቁ እንጂ ታናናሹ የለበትም።

ይህ የእርሻ ባለሙያ ጉዳይ ነው፣ ለነገረ ሃይማኖት ምኑ ነው የሚል ካለ ወደ ኩፋሌ ይመለስ። ኩፋሌ አዳም በገነት ሳለ ሥራ ፈትቶ እንደ ተቀመጠ አይነግረንም። መላእክት ያስተማሩትን የእርሻ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ገነትንም ከአዕዋፍ፣ ከአራዊትና ከከብት ይጠብቅ ነበር። ከብት መጠበቅ ሳይሆን ከከብት መጠበቅ! ኦሪት ዘፍጥረትም ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑን ይናገራል። የመጀመሪያው ሰው የመጀመሪያ አገልግሎት ይህ ከሆነ፣ የዐጸዱን ችግኝ ከከብት ማዳን ከቅዳሴው ጎን የሚጨመር የልማት ሥራ ሳይሆን ከዚያው ከአገልግሎቱ የሚቆጠር ነው። መቅደሱን የሚጠርግ ዲያቆን የጽዳት ሠራተኛ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ችግኝ የሚከልል ምእመንም አትክልተኛ ብቻ አይደለም።

የባሕር ዛፍ ነገር ከዚህ ጋር ይነሣል፤ በእኔ ግምት ለካህናቱ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄም ይህ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን የእርሻ መሬት ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ደብር የቀረው ቅጥሩ ነው። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የአገልጋይ ደመወዝ ገንዘብ ይፈልጋሉ። በጥቂት ዓመት ለሽያጭ የሚደርስ፣ ሲቆረጥ የሚያቈጠቁጥ ባሕር ዛፍ ለዚህ ችግር ፈጥኖ የደረሰ መልስ ነው። ስለዚህ የደጋው ካህን ባሕር ዛፍ ተከለ ብሎ ከከተማ ሆኖ መውቀስ ፍትሕ የለውም። ቢሆንም መለየት የሚገባን ነገር አለ። ከደኑ ዙሪያ ወጣ ብሎ የተተከለ ባሕር ዛፍ ማገዶና ምሰሶ ሰጥቶ ወይራውን ከመጥረቢያ ሊያሳርፈው ይችላል፤ ወድቆ በጠፋ ወይራ ቦታ በደኑ ውስጥ የተተከለው ግን ክፍሉን ለገበያ ማከራየት ነው። ቅኔ ማኅሌቱ ምንም ገንዘብ ቢቸግር ለእህል መጋዘን አይከራይም። በሲሚንቶ የሚሠራው መቃብርም እንዲሁ ነው። ሟች በዛፍ መካከል ማረፉ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ዛፍ አስወግዶ በብረት አጥር የታጠረ የሲሚንቶ ቤት መሥራት ግን ለአንድ ቤተሰብ የሁሉን ቦታ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ድምፅ ከካህኑ ድምፅ እየበለጠ መምጣቱ ያሳዝነኛል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከካህናቱ ጋር ሆነው በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ ነው፤ ለገበሬው እርሻው ይጠራለታል፣ ለደኑ ካብ ይሆነዋል፤ በካብ በታጠሩት ደኖችም ችግኝ በዝቶ ታይቷል። በካቡ ላይ የሚነሣ አንድ የእምነት ጥያቄ አለ። ቅድስና ከመሐል እየፈሰሰ የሚወጣ ከሆነ በድንጋይ ማስቆሙ ከራሴ አሳብ ጋር አይጋጭም? ካቡ ዐጸዱን ከገበሬው ሕይወት ነጥሎ ውጭውን ምድር ያለ ጠባቂ አይተወውም? ጥያቄው ክብደት አለው፤ ደኑ በካብ ከታጠረ በኋላ ከካቡ ውጭ የቀረው ቁጥቋጦ የማንም እንዳልሆነ ተቆጥሮ ሊመነጠር ይችላልና። ሆኖም ካብ ቅጥር ነው፤ ቅጥር ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። መቅደሱም መጋረጃ አለው፤ መጋረጃው ግን ቡራኬው ወደ ቅድስት እንዳይወጣ አይከለክልም። ካቡ የሚከለክለው ከብትን ነው፤ ወፏ ዘሩን ይዛ፣ ንቡ ከአበባው ቀስሞ ወደ ገበሬው ማሳ ይወጣሉ።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ካቡ ይሠራ አይሠራ ሳይሆን የት ይሠራ የሚል ነው። ዛሬ በቆመው የመጨረሻ ዛፍ ጥግ ከተካበ የተጎዳውን ደን መጠን የዘላለም መጠን ያደርገዋል። ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ ከተካበ ግን ለሚመጣው ችግኝ ቦታ ይተርፋል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በመሬት ላይ ግን ያ ጥቂት እርምጃ የአንድ ሰው የገብስ ወይም የድንች ማሳ ነው፤ ያ ሰውም ልጆች አሉት። «ለታቦቱ ነው» ብሎ በነጻ እንዲለቅ መጠየቅ በሃይማኖት ስም ድሀውን መጫን ይሆናል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም ቢባልም ምትክ ቦታ ማመቻቸት ወይም የምርቱን ካሳ በየዓመቱ መክፈል ይቻላል። ሰበካ ጉባኤው ለአዲስ ጉልላትና ለቆርቆሮ ክዳን በአዲስ አበባና በውጭ አገር ካሉ ተወላጆች ገንዘብ ያሰባስባል፤ ይህንንም በዚያው መዝገብ፣ በዚያው የሕንፃ ሥራ ሒሳብ ውስጥ ያስገባው።